እግር የማያውቀው ጫማ

ሰፈሩ በሙሉ «ሳሙና» ነው የሚላት። ፊት ለፊት «እትዬ» ትባላለች፤ ዞር ስትል ሳሙና ናት። ስሙም አልበዛባትም። ሰው ጨብጣ ወደ ቤት ከገባች መጀመሪያ የምትሄደው ወደ ቧንቧ ነው። እንግዳ ተነስቶ ሳይርቅ የተቀመጠበት ወንበር ይወለወላል። አንዲት ዝንብ አንድ ብርጭቆ ላይ ካረፈች ብርጭቆው ብቻ አይደለም፣ መደርደሪያው በሙሉ ወርዶ ይታጠባል። እንግዲህ ሽታው መርጦ መርጦ የገባው እንዲህ ያለች ሴት ቤት ነው።

ሽታ ብሎ ሽታ! በባልዲ ተረስቶ የከረመ የሥጋ እጣቢ ዓይነት ነው፤ ላዩ ላይ ግን የሆነ ጣፋጭነት አለው። የባሰውም ያ ጣፋጩ ነው፣ ጉሮሮ ላይ ይለጠፋል። ሻይ ስትጠጣ ከሻይዋ ጋር ትውጠዋለች፣ ልብስ ስታጥፍ ከልብሱ ይወጣል፣ ፀጉሯን ስታበጥር ከማበጠሪያው። ቱ! ሲያወሩት እንኳ አፍ ይመራል።

«አይጥ ነው» አለች። «የሆነ ቦታ የሞተ አይጥ አለ።»

አይጥ የለም። ይሄን አሁኑኑ እነግራችኋለሁ፣ ኋላ ደበቅከን እንዳትሉኝ። እሷ አይጥ ስታሳድድ፣ በገዛ ቤቷ፣ በገዛ አልጋዋ ላይ የባሏ እግር እየሞተ ነበር።

እሷ ግን ጦርነት ከፈተች። ቁም ሳጥኑ ተጎትቶ ወጣ። ፍራሹ ግቢ ውስጥ ተገልብጦ ተደበደበ። ምድጃው ሥር በጎማ ጓንት ተዳበሰ፤ የተገኘው አንድ ማንኪያና የደረቀ ሽንኩርት ነው። በፍሳሽ ቱቦው በረኪና ወረደ፣ የፈላ ውሃ ወረደ፣ ደግሞ በረኪና። ቤቱ ትንሽ ሆስፒታል ሆስፒታል ይልና ያ ጣፋጩ ነገር ከሥሩ ቀስ ብሎ ይመጣል።

ከግቢው ጥግ አንዲት ፀጉር ሠሪ ክፍል ተከራይታ ትኖር ነበር። ሳሙና ወደ እሷ ዞረች።

«የኔ ልጅ፣ ቆሻሻሽን በየቀኑ ነው የምትደፊው?»

የልጅቷ ፊት ተለዋወጠ። አንድ ነገር ልትናገር አፏን ከፈተች፣ መልሳ ዘጋችው። «እደፋለሁ እትዬ» ብቻ አለች። ወሩ ሲያልቅ «ለሥራዬ የሚቀርብ ቤት አገኘሁ» ብላ እቃዋን ጭና ሄደች። ሳሙና የተለቀቀውን ክፍል ከፍታ ብታሸት ከፀጉር ቅባት በቀር ምንም የለም፣ ንጹሕ ነው። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ማለት ይሄ ነው።

አሁን ባልየውን ላስተዋውቃችሁ። ጫማ ሰሪ ነው። «ጠጋኝ» እንዳትሉት፣ ጦር ይማዘዛል። ቆዳውን ራሱ መርጦ፣ ራሱ ቆርጦ፣ በእንጨት ቅርጽ ላይ ወጥሮ፣ ጥቃቅኑን ሚስማር በከንፈሩ ነክሶ አንድ በአንድ እያወጣ የሚመታ የድሮ ባለሙያ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ማስቲሽ ሲያሸት ስለኖረ አፍንጫው ከሞተ ቆይቷል። ወተት ገንፍሎ አርሮ ቤቱ በጭስ ቢሞላ ዓይኑ ሲያለቅስ ነው የሚያውቀው። ስኳር እንዳለበት ሐኪም ከነገረው ዓመታት አልፈዋል፤ ኪኒኑን ሲያስታውስ ይውጣል፣ ካላስታወሰ ይቀራል። «ስኳር የሀብታም በሽታ ነው፣ እኔ ቤት የመጣው አድራሻ ተሳስቶ ነው» ይላል። ሰው በራሱ በሽታ ሲቀልድ አለመሳቅ ነውር ነውና ሁሉም ይስቅለታል።

ታዲያ ባለፈው ዓመት ለራሱ አንድ ጥንድ ጫማ ሠራ። ለስላሳ ቆዳ፣ ቀጭን ስፌት፣ ዝቅ ያለ ተረከዝ። አደረገው፣ ቆመ፣ ሱቁን ዞረ፣ ወደ ደጅ ወጣና ተመለሰ። ከዚያ ፊቱ በራ።

«ምንም አይሰማኝም!» አለ። «እግሬ ጫማ ማድረጉን አያውቅም!»

ጫማ ሰሪ ሆኖ ይሄን ያልተመኘ የለም። ጫማ እንደሆነ የትም ቦታ አንድ ነገር ይይዛል፤ ወይ ተረከዝ ይልጣል፣ ወይ ትንሽ ጣት ያስለቅሳል። ይሄኛው ግን ጠዋት አድርጎት ማታ ሲያወልቀው ያው ነው። የሱቁን ግድግዳ ለሚጋራው ልብስ ሰፊ ነገረው፣ ለደንበኛ ነገረ፣ ለሻይ ቤቱ ነገረ። ስምም አወጣለት፤ «እግር የማያውቀው ጫማ» አለው። ሰዎች አዘዙ፣ ወሰዱ፣ ከዚያም እያነከሱ ይዘውት መጡ።

«ጋሼ፣ እዚህ ጋ ይይዘኛል።»

«ጫማው ምንም የለበትም፤ እግርህን ታየው!»

እየተቆጣ ይመልሳቸዋል። ሰውየው ከሄደ በኋላ ግን ጫማውን ገልብጦ እያየ፣ የዘመኑ ሰው እግር እንዲህ ስስ የሆነው ከምን የተነሳ ነው ብሎ ከልቡ ይገረም ነበር። አይ ሰው! ሌላው ቢሆን እግሬ ደነዘዘ ብሎ ይደነግጥና ሐኪም ቤት ይሮጣል። እሱ ግን ሙያዬ ነው አለ። እግሩ ሲሞት የእጁን ሥራ አመሰገነ።

ወደ ሽታው ልመለስ፣ እየቀፈፈኝም ቢሆን። አልጋ ላይ ይብስ ነበር። ብርድ ልብሱ ሲገለጥ ቡፍ ብሎ ይወጣል። ሳሙና ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች፣ አንሶላውን አፍንጫዋ ላይ ትጠቀልላለች። ሽታው ከየት እንደሆነ አታውቅም ነበር? ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው ነገሩ። እግሩ ላይ ምን እንዳለ አታውቅም፤ ባሏ መሽተቱን ግን ታውቃለች። ሽማግሌ ሆነ፣ መታጠብ ሰለቸው ነው ያለችው። ታዲያ ለባል «ትሸታለህ» እንዴት ይባላል? እሷ ዘንድ ከስድብ ሁሉ የከፋው ስድብ ይሄ ነው፤ እናቱን ብትሰድብለት ይሻላታል። ስለዚህ አዲስ ሳሙና ገንዳው ላይ አስቀመጠች፣ ንጹሕ ካልሲ ትራሱ አጠገብ ደረደረች፣ «ውሃ ሞቆልሃል» አለች። እሱም እያፏጨ ፊቱንና ብብቱን ታጠበ። ቦርጩ አላስጎነብስ ስለሚለው እግሩ ላይ ውሃ አፍስሶበት ያልፋል። እሷ ደግሞ በማግስቱ አይጥ ፍለጋዋን ቀጠለች።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ካልሲ ልታጥብ ተቀመጠች። ካልሲ በእጇ አትነካም፣ የፈላ ውሃ ውስጥ ጨምራ በዱላ ነው የምታገላብጠው። ከቀኝ እግር ካልሲዎች አንዱ ካርቶን ሆኗል፤ ደርቆ አልታጠፍ አለ። ውሃው ውስጥ ስትነክረው ቀስ ብሎ ለቀቀ። ውሃው ቡናማ ሆነ፣ ከዚያ ቢጫ ቢጫ ነገር ተንሳፈፈ፣ ከዚያ ከእንፋሎቱ ጋር ያ ጣፋጩ ሽታ ፊቷ ላይ ወጣ። ራሱ ነው፣ ከአልጋው፣ ከቁም ሳጥኑ፣ ከሻይዋ የምታውቀው። ዱላው ከእጇ ወደቀ።

ጫማ ሰሪው ግቢው ውስጥ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሻዩን ይጠጣል።

«እግርህን አሳየኝ» አለችው።

«ምን አለው እግሬ?»

«አሳየኝ አልኩህ!»

ድምጿ አስገረመው። ሳቅ እያለ ጫማውን አወለቀ፣ ካልሲውን ጎተተ። ካልሲው ብቻውን አልመጣም። ጨረቅ የሚል ድምፅ አሰማ፣ ከእግሩ ጋር ተጣብቆ የነበረ እርጥብ ነገር ተከትሎት ተላጠ። እሱ ሻዩን ፉት አለ። እግሩን ጉልበቱ ላይ አወጣና «ይኸው፣ እዪው» አላት።

ጎንበስ አለች። ውስጥ እግሩ ላይ፣ ከአውራ ጣቱ ሥር ጉድጓድ አለ። ጠርዙ ነጭና ቡቅቡቅ ያለ፣ ዙሪያው ጥቁር። ከመሃሉ የሚስማር ራስ ብልጭ ይላል፤ ከራሱ ሚስማሮች አንዱ ነው፣ በከንፈሩ ከሚይዛቸው። ከሱቁ ወለል ላይ ረግጦት ሶሉን በስቶ ገብቷል፣ እሱም እየረገጠ እየረገጠ ሥጋው ውስጥ ቀብሮታል። በሚስማሩ ዙሪያ ነጫጭ ትሎች ይርመሰመሳሉ።

ሳሙና ባጠበችው ልብስ ላይ አስመለሳት።

«ውይ! ምን በላሽ?» አለ ባሏ ደንግጦ። «የትናንቱን አትብዪ እያልኩሽ!»

ወይ ጉድ። ለእሷ ተነስቶ ውሃ ሊያመጣላት በዚያ እግሩ፣ ትሉን ሲሚንቶ ላይ እያራገፈ፣ ቀጥ ብሎ ሄደ። እሷ አፏን በእጅጌዋ ይዛ ኋላው ኋላው የሚቀረውን እርጥብ ዱካ አየች። አስጠላት። ይሄን አልደብቅም፣ እሷም አትደብቅም፤ አብራው ያረጀችው ሰው አስጠላት፣ አጠገቧ እንዳይደርስ ፈለገች። ውሃውን ከእጁ ስትቀበል ዓይኗን ጨፍና ነው።

ያኔ ጮኸች፤ ልብስ ሰፊው ከግቢው ደጅ ካለው ሱቁ ሰምቶ ሮጦ መጣ። እግሩን አየ። ፊቱ ላይ ሐዘን እንጂ ድንጋጤ አልነበረም፤ ሳሙና ያን አስተዋለች። «በሉ ሐኪም ቤት እንሂድ» አለና ታክሲ አቆመ። የታክሲው ሹፌር ገና በሩ ሲዘጋ አራቱንም መስኮት አወረደ። ውጭ ዝናብ ይዘንባል። «ሙቀቱ እኮ!» አለ ሹፌሩ፣ ፊቱን ዝናብ እየመታው።

ሐኪሟ ወጣት ናት። በሩን ከፍታ ስትገባ አንዴ ቆም አለች፣ ኪሷ ውስጥ ያለውን የአፍ መሸፈኛ አውጥታ አሰረች። ሚስማሩን ነቅላ፣ ቁስሉን አጥባ፣ በብረት ውስጡን ስትፈትሽ ብረቱ አጥንት ነካ፤ ቋ ሲል ሁሉም ሰማው። ሳሙና ግድግዳ ተደገፈች። ጫማ ሰሪው ጣሪያውን እያየ ነው።

«አባባ፣ ዓይንዎን ይጨፍኑ» አለች ሐኪሟ። ቀጭን የናይሎን ክር ይዛለች። «በዚህ ስነካዎት 'አሁን' ይበሉኝ።»

ጨፈነ። ሐኪሟ አውራ ጣቱን ነካች፣ ተረከዙን ነካች፣ የእግሩን ጀርባ ነካች። ክሩ እየተቆለመመ ይነሳል። ጫማ ሰሪው እጁን አጣምሮ እንደ ጨዋ ተማሪ ይጠብቃል። ወደ ግራው እግሩም ተሻገረች፤ እዚያም ዝም ነው።

«መቼ ነው የምትጀምሪው ልጄ?» አለ።

ጨርሳ ነበር። ክሩን እግሩ ላይ ሽቅብ እያስነካች ሄደች፤ ቅልጥሙ መሃል ስትደርስ ነው «አሁን!» ያለው፣ ደስ ብሎት።

ከዚያ ቁጭ ብላ ነገረችው። መግሉ አጥንት ውስጥ ገብቷል፣ ጥቁሩ ሥጋ ሞቷል፣ ሽቅብ እየሄደ ነው። ዛሬ ነገ ሳይባል ከጉልበት በታች መቆረጥ አለበት። ካልሆነ ወደ ደም ይገባል፣ ያኔ የሚነጋገሩት ስለ እግር አይሆንም።

ጫማ ሰሪው ሳቀ።

«የሚሄድ እግር ይቆረጣል እንዴ? እዪው እንጂ!» ጣቶቹን አንቀሳቀሰ። ጥቁሩ አውራ ጣት ተነሳ፣ ወረደ፣ ተነሳ። «ታዟል፣ አይደል? አያመኝ፣ አይቆጠቁጠኝ። የሞተ እግር እንዲህ ያደርጋል?»

ሳሙና ያ ጣት ሲንቀሳቀስ ማየት አልቻለችም፤ ዞር አለች።

«እግርዎ ውስጥ ሁለት ዓይነት ነርቭ አለ» አለች ሐኪሟ። «አንደኛው ወሬ ወሳጅ ነው። ተወጋሁ፣ ተቃጠልኩ፣ በረደኝ እያለ ከእግር ወደ አንጎል ይወስዳል። ሁለተኛው ትእዛዝ አውራጅ ነው። ተነስ፣ ርገጥ፣ ሂድ የሚለውን ከአንጎል ወደ እግር ያመጣል። ስኳሩ ወሬ ወሳጁን ገድሎታል። ትእዛዝ አውራጁ ግን ደክሞም ቢሆን እየሠራ ነው። ጣትዎን ያንቀሳቀሰው እሱ ነው።»

«እና?»

«እናማ፣ እሳት ሲነካዎት እጅዎ ሳያስቡት ይመለስ የለ? ወሬው ጀርባ አጥንት ጋ ሲደርስ መልሱ ከዚያው ይሰጣል፤ አንጎል የሚሰማው በኋላ ነው። ይሄ ሚስማር ሲገባ ግን ወሬውን የሚያደርስ አልነበረም፤ ስለዚህ 'አንሳ' የሚልም አልነበረም። አንጎልዎ እግሩን ደህና መስሎት 'ሂድ' እያለ ሲያዘው ከረመ።»

ጫማ ሰሪው አሰበ። ከዚያ ትከሻውን ነቀነቀ። «እንግዲህ ለሽማግሌ ወሬ ምን ይሠራለታል? ሠራተኛው ካለ ይበቃኛል።»

ልብስ ሰፊው ሳቀለት። አዎ፣ እዚያ ክፍል ውስጥ፣ በዚያ ሽታ መሃል፣ ለይሉኝታ ብሎ ሳቀለት። «ጋሼ እኮ ጠንካራ ነው» አለ ለሐኪሟ። «ሲያዩት ምንም አይመስልም።»

«በጨው ውሃ ያዝ አደርገዋለሁ» አለ ጫማ ሰሪው።

«ማስገደድ አልችልም» አለች ሐኪሟ። «ግን በዚህ ሁኔታ ወደ ቤት ከሄዱ የሚመለሱ አይመስለኝም።»

እሱ ግን ወሬውን ጨርሷል። አዲሱን ፋሻ ወደ ጫማው ውስጥ ሊያስገባ ጎንበስ ብሎ እየታገለ ነው። ያንን ጫማ! ሳሙና ያኔ ነው የፈነዳችው።

«ገምተሃል!»

ቀና አለ። በኮሪደሩ የሚያልፍ ሰው ሳይቀር ቆመ።

«ገምተሃል አልኩህ! ሰውዬ፣ ትሸታለህ! ቤቱ ይሸታል፣ አልጋው ይሸታል፣ የምጠጣው ሻይ አንተን አንተን ይለኛል! ፊቴን አዙሬ ነው የምተኛው። ያስመለሰኝ የትናንት ምግብ አይደለም፣ አንተ ነህ! አጠገብህ መቆም አስጠልቶኛል፤ አሁንም ልውጣ ልውጣ እያለኝ ነው!»

ጮኻ ስትጨርስ እንባዋ ወረደ። አንድም ቀን «አንተ ሞኝ» እንኳ ብላው አታውቅም። ጫማ ሰሪው ጫማውን እንደያዘ ቀረ። አልተቆጣም። ከሐኪሟ ማብራሪያ ሁሉ ይሄኛው ገባው፤ ሚስቱን ያውቃታላ።

«ከመቼ ጀምሮ?» አለ ቀስ ብሎ።

እሷ እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገች።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የምሸተው?»

«ክረምቱ ገብቶ ዝናቡ ሲጀምር» አለች።

ወደ ልብስ ሰፊው ዞረ። «አንተስ?»

«ጋሼ፣ እኔ እንኳ ብዙም...»

«የስፌት መኪናህን ከእኔ ግድግዳ አንስተህ ወዲያ ጥግ ያዞርከው፣ ብርሃን ፈልጌ ነው አላልከኝም?»

ልብስ ሰፊው ወለሉን አየ። «ብርሃንም ነበረው» አለ።

«ደንበኞቼ 'ውጭ ሆነን ንፋስ እንቀበል' እያሉ በር ላይ የሚቆሙትስ? ተከራይዋስ? ሹፌሩ ቅድም በዝናብ ሞቀኝ ያለው?» አንድ በአንድ፣ የሰው ማመካኛ ሁሉ ተራ በተራ እየመጣ ፊቱ ተቀመጠ። ከዚያ ወደ ሐኪሟ ዞሮ «ልጄ፣ ዝናቡ ሲጀምር መጥቼ ቢሆን ኖሮስ?» አላት።

ሐኪሟ የናይሎን ክሩን ወደ ኪሷ መለሰች። እሱ ግን እያያት ጠበቀ።

«ሚስማሩን ነቅለን፣ አጥበን፣ መድኃኒት ሰጥተን ወደ ቤት እንልክዎት ነበር።»

ጫማ ሰሪው ጫማውን መሬት ላይ አስቀመጠው። ሚስቱን አየ፣ ጎረቤቱን አየ።

«ለፊቴ ስትሳሱ እግሬን በላችሁት» አለ። ድምፁን ከፍ አላደረገም። «ቁረጪው ልጄ።»

ያን ቀን ሳሙና ከሽታው ይልቅ ራሷ ቀፈፈቻት። እጇን ታጥባ ታጥባ ቆዳዋ ተላጠ። አይጥ! እያለች በየኮሪደሩ ታጉረመርማለች። አይጥ ትላለች ደግሞ! በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ የሰው በሽታ የደበቀስ ምን ሊባል ነው? ልብስ ሰፊው ሊያጽናናት መጥቶ «እትዬ፣ የእርስዎ ጥፋት አይደለም» ሲላት፣ ወሬ አጣፋጭነቱ ራሱ ሸተታት። «ተወኝ» አለችው። «ያንተም ነው፣ የእኔም ነው። የእኔው ይብሳል።»

እግሩ ከጉልበት በታች ተቆረጠ፣ ሰውየው ተረፈ። ሐኪሟ ግን ሳሙናን ለብቻዋ ጠርታ አስጠነቀቀቻት። ስፌቱ ካመረቀዘ ቀጥሎ የሚሄደው ጉልበቱ ነው፣ እሱ ደግሞ በደንብ አይሰማውም፤ ስለዚህ በዓይን ተጠባበቁት አለቻት።

የጠያቂ ሰዓት ሆነና ሰፈሩ መጣ። ልብስ ሰፊው ብርቱካን ይዟል፣ የሻይ ቤቱ ባለቤት መጥቷል፣ ተከራይ የነበረችው ፀጉር ሠሪ ሳትቀር መጥታለች። አልጋውን ከበው ቆሙ።

«እንዲያውም አምሮብሃል!» አለ አንዱ።

«ፊትህ ወዝ አግኝቷል።»

«ጋሼ፣ ምንም የጎደለህ ነገር የለም» አለ የሻይ ቤቱ ባለቤት፣ ከዚያ የተናገረው ለራሱም ተሰማውና ብርቱካን መላጥ ጀመረ።

ሳሙና እግርጌ ቆማ ታዳምጣለች። ይሄ ሁሉ ማር ማር የሚል አፍ! ትናንት በር ላይ ቆሞ ንፋስ የፈለገው፣ የስፌት መኪናውን ጥግ ያሸሸው ያው ሕዝብ ነው። ባሏም አይሰማቸውም ነበር። ትራሱ ላይ ጋደም ብሎ እሷን ብቻ ያያል።

«ሳሙኔ» አለ፤ ይሄን ስም ፊት ለፊት የሚጠራት እሱ ብቻ ነው። «ነይ እስቲ፣ አሽትቺኝ።»

የሻይ ቤቱ ባለቤት ብርቱካኑን አስቀመጠ።

«ኧረ ጋሼ፣ ምን ሽታ አለህና!» አለ ልብስ ሰፊው ቸኩሎ። «ምንም አይሸትም!»

«አንተን አልጠየቅሁም።»

ሳሙና ወደ አልጋው ሄደች። አንሶላውን ገለጠች። ሰው ሁሉ እያያት፣ የበር እጀታ በበረኪና የምታጥበው ሴት፣ ጎንበስ ብላ አፍንጫዋን የተቆረጠው እግር ፋሻ ላይ አደረገች። በረጅሙ ሳበች። አልኮል አለ፣ አዮዲን አለ፣ ላብ አለ፣ የደረቀ ደም አለ። እንደገና ሳበች። ከሁሉም ሥር፣ ከስፌቱ በውጭ በኩል ጫፍ፣ በጣም ቀጭን ሆኖ ያ ጣፋጩ ነገር አለ። ምራቋን ዋጠች።

«ደህና ነው አይደል?» አለች ፀጉር ሠሪዋ በለሆሳስ።

«ይሸታል» አለች ሳሙና።

ጫማ ሰሪው በክርኑ ቀና አለ። «ሲስተር!» ብሎ ዋርዱን በሙሉ አስደነገጠው። «ሲስተር፣ ነይ ፍቺው! ባለቤቴ ሸቶኛል ብላለች!»

ነርሷ እየተማረረች መጣች። «አባባ፣ ጠዋት እኮ ቀይሬልዎታለሁ፤ ንጹሕ ነበር።»

«ጠዋት እሷ አላሸተተችውም! ፍቺው!»

ነርሷ ፋሻውን መፍታት ጀመረች። ጠያቂዎቹ አንድ በአንድ፣ አንዱ ስልክ እያለ፣ አንዱ ሰዓት እያለ፣ ወደ በሩ አፈገፈጉ። የመጨረሻው ጥቅል ሲለቅ ከስፌቱ ጫፍ የስንዴ ፍሬ የምታህል ቢጫ ነገር ብቅ አለች። ነርሷ ጎንበስ ብላ አየችው፣ ሐኪሟን እንዲጠሩ ላከች፣ ከዚያ «በጊዜ ነው» አለች ለሳሙና፣ «ገና አልተሰራጨም።» ተጭና ስታወጣው ፈሰሰ። ሳሙና ሊያስመልሳት ደረሰ። ፊቷን ግን አላዞረችም።

ጫማ ሰሪው ትራሱ ላይ ተመልሶ ተጋደመ። ከዚያ ሆኖ እግሩ አይታየው፣ ምንም አይሰማው። የሚስቱን እጅ ፈልጎ ያዘ።

«ምን አለ?» አላት።

«መግል ነው» አለች። «ከጫፉ ላይ። ቢጫ ነው፣ ትንሽ ደምም አለው። ያስጠላል።»

«እሺ» አለ። «ቀጥዪ።»